የሦስት ቀን ዕረፍት በአፋር ቆላ፦ ከደሴ ተነሥቶ የት መውረድ ይሻላል?

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንድ የደሴ መምህር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች ያቀረቡት ጥያቄ ሲታይ ቀላል ነበር። ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ስለሚውል ቅዳሜና እሑድ ተጨምሮበት ሦስት ቀን ይገኛል። የጦሳ ተራራ ብርድ በጥር ስለሚበረታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አዛውንት አባታቸውን ይዘው ወደ በረሃ ወርደው ማረፍ ይፈልጋሉ። አባታቸው የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወስዳሉ። የመምህሩ ሐሳብ በአዲስ አበባና በአዳማ በኩል ዞሮ አዋሽ ፍል ውኃ መድረስ ነበር፤ በእሳቸው እምነት በረሃ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን ማረፊያ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። መኪና ከነሾፌሩ እንደሚከራዩ ገልጸው መንገዱን፣ ማደሪያውንና ሊያዝ የሚገባውን ዕቃ የሚያውቅ ሰው እንዲመክራቸው ጠየቁ። ክሩ (ጥያቄውና ከሥሩ የተጻፉት መልሶች) ረጅም ስለሆነና ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ስለማያነበው፣ የተደጋገመውን እየዘለልኩ፣ የራሴንም አስተያየት አልፎ አልፎ እያከልኩ እንደሚከተለው እተርከዋለሁ።

መልስ 1 ከኮምቦልቻ ጂቡቲ የሚመላለሱ የአንድ ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሰላምታቸውን በአክብሮት ካቀረቡ በኋላ መምህሩ በእግራቸው ሥር ያለውን በረሃ በሩቅ እየፈለጉት መሆኑን ተናገሩ። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሚሌ ሎጊያና ሰመራ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በአዲስ አበባ ዞሮ አዋሽ መድረስ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ፣ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱ መኪና ላይ ያልቃሉ። ከሚሌ በገዋኔ አድርጎ ወደ አዋሽ መሄድ መንገዱን ቢያሳጥረውም ከደሴ ሲታሰብ ያም ቢሆን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ አነዳድ የጻፉት ለማንም የሚጠቅም ነው፦ ከኮምቦልቻ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ሳያግሉ በከባድ ማርሽ መውረድ፤ የጎማ ነፋስ ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ መለካት፣ ሞቆ ሲጠነክርም ነፋስ አለማስተንፈስ፤ የራዲያተር ውኃ በትርፍ መያዝ፤ ከሁሉም በላይ ከሚሌ ወዲያ በሌሊት አለመንዳት፣ ምክንያቱም የወደቡ መንገድ በተሳቢ መኪኖች የተጨናነቀ ከመሆኑም ሌላ ግመሎች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ።

መልስ 2 የባቲ ተወላጅ የሆኑ ሴት ሲሆኑ ከሾፌሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማሙ። እሳቸው የጨመሩት የከፍታውን ነገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ያህል፣ ባቲ 1,500 ያህል፣ ሚሌ 500 ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ ከ450 በታች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከደሴ ሰመራ የሚወርድ ሰው በአንድ ጠዋት የአሥራ ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይገጥመዋል። በዚህ ምክንያት አዛውንቱ በአንድ ትንፋሽ እንዳይወርዱ፣ ባቲ ላይ ቁርስ ተበልቶ ሰውነት ትንሽ እንዲለምድ መከሩ። የባቲ ገበያ ሰኞ እንደሚውል፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የአፋር ሰው የሚገናኝበትና ግመል የሚሸጥበት በመሆኑ ልጆቹ ሊያዩት እንደሚገባም አሳሰቡ። ጉዞው ሰኞ የሚያልቅ ከሆነ መመለሻው ላይ ገበያው ይደርሳል።

መልስ 3 የተቃውሞ መልስ ነበር፤ እኔም በቂ ቦታ ልሰጠው እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው የሚያውቁትን ነው የጻፉት። በእሳቸው አስተያየት ርቀት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በአሽዋና በደረቅ ሣር መካከል ሳላ በመንጋ ሲሄድ ማየት ይቻላል፤ ከርከሮና ዝንጀሮም አይጠፋም። ወንዙ በገደል ላይ የሚወረወርበት ፏፏቴ አለ፤ ከፓርኩ በስተሰሜን ደግሞ ዘምባባ የከበበው፣ ወለሉ እስኪታይ ጥርት ያለ ፍል ውኃ ይገኛል፤ ጉልበት የሚያማው ሰው የሚመኘው እንዲህ ያለውን ነው። ለእንግዳ ተብለው የተሠሩ ማረፊያዎችም በዚያ በኩል ይሻላሉ። ሰመራ ግን በእሳቸው አገላለጽ የመሥሪያ ቤቶች ከተማ ናት፤ ለስብሰባ እንጂ ለዕረፍት የሚሄድባት የለም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ያመረሩ መሰለኝ፤ በፍል ውኃው ላይ ግን ልክ ናቸው።

መልስ 4 ይህን በቁጣ ተቀበለው። ጸሐፊው ያለፈው ዓመት እንዴት እንደተረሳ ጠየቀ። ከ2017 መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ምድር ስትንቀጠቀጥ መክረሟን፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጠኑ ከ5 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት መድረሱን፣ ከዶፈን ሥር እንፋሎትና ጭቃ መውጣቱን፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መነሣቱን አስታወሰ። አዛውንትና ሕፃን ይዞ ወደዚያ መሄድን የሚመክር ሰው ኃላፊነት አይሰማውም ሲልም ደመደመ። በእሱ ሐሳብ ቤተሰቡ ሰመራ ሄዶ፣ አባትየው በአቅራቢያው ባለው በአላሎባድ ፍል ውኃ ቢታጠቡ ይበቃል።

መልስ 5 የጂኦሎጂ መምህር የሆኑ ሰው ነበር፤ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ቢሆንም መልስ 4ን ከሥሩ ነቀሉት። አላሎባድ መታጠቢያ አይደለም፤ ውኃው እየፈላ ከመሬት የሚወጣና አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ የሚተፋ ስለሆነ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ይሆናል ተብሎ የሚጠና አካባቢ ነው። በጫፉ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ስስ ሊሆን ስለሚችል በእግር መርገጡ ራሱ አደጋ አለው፤ ከሩቅ ማየት ይቻላል፣ ያውም ከአካባቢው መሪ ጋር። ቀጥለው እንዳስረዱት በአፋር የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆዎች ይገናኛሉ፤ ምድሪቱ እየተለጠጠች ስለምትሳሳ ቀልጦ የሚወጣው ዐለት ወደ ላይ ይጠጋል፤ ፍል ውኃውም ርዕደ መሬቱም የዚሁ ነገር ውጤቶች ናቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍታ ነበር። ስለዚህ አንዱን ቦታ አደገኛ፣ ሌላውን ፍጹም ሰላም ማለት ትክክል አይደለም። አዋሽን የሚመርጥ ሰው ማድረግ ያለበት የተሰነጠቀ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ አለማደርና ከመነሣቱ በፊት ስለ ሰሞኑ ሁኔታ ደውሎ መጠየቅ ነው። ባለ መልስ 4 ስለ አላሎባድ ዳግመኛ አላነሣም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው መልስ 6 ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፉት በኮምቦልቻ የሚሠሩ ነርስ ሲሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ስለ ቦታ ሲከራከር ስለ አባትየው የጠየቀ አለመኖሩን በመውቀስ ጀመሩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በቆመ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ከመስታወቱ ሥር፣ ሙቀቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ለምሳ ሲወረድም አብሮ ይወርዳል እንጂ መኪና ውስጥ አይቀርም። ማቀዝቀዣ በማይገኝበት ቦታ በላስቲክ ተጠቅልሎ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ውኃው እየተነነ ዕቃውን ስለሚያበርደው ይጠቅማል።

የነርሷ ሁለተኛ ነጥብ ብዙ ሰው የማያውቀው ይመስለኛል። በሙቀትና በሙቅ ውኃ ውስጥ ኢንሱሊን ከተወጋበት ቦታ ወደ ደም በፍጥነት ስለሚገባ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ወስዶ ወዲያው ፍል ውኃ መግባት አይገባም፤ ከረሜላ ወይም ስኳር የሞላበት ሻይ በእጅ መኖር አለበት፤ የስኳር መለኪያውም ከቤት አይቀርም። ስኳር ለብዙ ዓመታት የቆየበት ሰው እግሩ ሙቀትን በደንብ ላይሰማ ስለሚችል፣ የውኃውን ሙቀት አባትየው በእግራቸው ሳይሆን ሌላ ሰው በክንዱ ይፈትነዋል፤ በጋለ መሬት ላይም ባዶ እግር መሄድ ክልክል ነው። ለደም ግፊት ተብሎ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በቆላ ሙቀት ሰውነታቸው በቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ለልጆቹ ኦ አር ኤስ፣ ለሁሉም አጎበር ያስፈልጋል፤ የደሴ ሰው ወባን ስላልለመደው አዋሽ ዳር በአንድ ሌሊት ንክሻ ሊታመም ይችላል፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣም ጉንፋን ነው ብሎ መቆየት አይገባም። መምህሩ ከዚህ በታች ባጭሩ አመሰገኑ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም አባታቸው የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ገልጸው ተመለሱ። ያ መልስ 7 ተብሎ ተቆጠረ።

ከመልስ 8 እስከ 11 ያለው ከጉዳዩ ወጣ ያለ ነው። አንዱ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል ሲል ሐሳብ ሰጠ፤ ሌላው በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ በሁለት አውሮፕላን ዞሮ መሄድ ምን የሚሉት እንደሆነ ጠየቀ። ሦስተኛው ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ መንገደኛ የሚጭንበትን ቀን እየጠበቀ መሆኑን ጻፈ፤ አራተኛው ይህን ወሬ ስንት ዓመት እንደሰማ ተናግሮ ተበሳጨ። ባቡሩ ቢኖር አዋሽ ለኛ ቅርብ ይሆን ነበር፤ ለአሁኑ ግን ለመምህሩ ቤተሰብ የሚረዳ አይደለም።

መልስ 12 ከአንድ ወጣት የመጣ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የተባለውን ሁሉ የፈሪ ምክር አድርጎ ተመለከተው። በረሃ ማለት በእሱ ዘንድ ኤርታ አሌና ዳሎል ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቷን፣ በ1950ዎቹ በተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ በመሆኗ በዓለም ስሟ የታወቀ መሆኑን፣ ቢጫና አረንጓዴ የጨው ምድሯን ያላየ ሰው አፋርን አየሁ ማለት እንደማይችል በስሜት ጻፈ። ከሰመራ እስከ አፍዴራ መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ሦስት ቀን ይበቃል ብሎም አረጋገጠ።

መልስ 13 ምሕረት አላደረገለትም። ጸሐፊዋ በቱሪዝም ሥራ የኖሩ መሆናቸውን ገልጸው፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌን ከነኢንሱሊናቸው ወደ እሳተ ገሞራ ጫፍ መላክ ድፍረት ሳይሆን ግድ የለሽነት ነው አሉ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ እስከ የመን፣ ዖማንና ሕንድ መድረሱን፣ አፍዴራ አካባቢ መንደሩና የከብቱ ግጦሽ በአመድ መሸፈኑን እያወቀ ወጣቱ እንዴት ዝም እንዳለ ጠየቁ። ከዚህም ሌላ ኤርታ አሌና ዳሎል ውኃውን፣ ምግቡንና ነዳጁን ሁሉ ይዞ የሚገባበት፣ መሪና ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ሌሊቱ ሜዳ ላይ የሚታደርበት ጉዞ ነው፤ ከደሴ ለተነሣ ሰው ሁለቱን በሦስት ቀን ደርሶ መመለስ አይሞከርም። ወጣቱ በመልስ 14 ራሱን ሲከላከል ሃይሊ ጉቢ ከኤርታ አሌ የተለየ ተራራ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ የተራራ ሰንሰለት ላይ በቅርብ ርቀት ስለሚገኙ መልሱ ብዙም አላዋጣውም። ስለ ሽማግሌው ምንም አላለም።

በመልስ 15 ጉዳዩ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረ። አንድ ሰው ከተራና ጥምቀትን ጥሎ ለመዝናናት መሄድን በጠንካራ ቃል ነቀፉ፤ ልጆች ታቦት ሲወጣ ሳያዩ ቢያድጉ ተጠያቂው ወላጅ ነው አሉ። መምህሩ በመልስ 16 ሲመልሱ ግን አልተቆጡም። አባታቸው ሙስሊም፣ ባለቤታቸው ክርስቲያን መሆናቸውን ገልጸው፣ ባለቤታቸውም ቀድሞውኑ በቀኑ ቅር ተሰኝተው እንደነበር፣ ሌላ ቀን ግን ከትምህርት ቤቱ ዕረፍት ጋር እንዳልገጠመላቸው ጻፉ። ለወሎ ሰው እንዲህ ያለ ቤት የተለመደ በመሆኑ በዚህ ላይ የተከራከረ አልነበረም።

የቀኑን ነገር የፈታው መልስ 17 ነው። ጸሐፊው እንዳሰሉት የነነዌ ጾም ከጥር 25 እስከ 27 ነው፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳን ደግሞ በየካቲት 11 ገደማ ይጀምራል። ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ስለሚገቡ ከጥር 28 እስከ የካቲት 8 ያሉት ቀናት ለሁሉም የቤቱ ሰው ነጻ ናቸው። ረመዳን ከገባ በኋላ በሎጊያና በሰመራ ቀን ምግብ የሚያቀርብ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የጾመን ሰው ፊት አድርጎ መብላትም ነውር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ያለ ምሳ መዋል አይችልም። ቅዳሜ ጥር 30 ተነሥቶ ሰኞ የካቲት 2 መመለስ ከመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ጋር ሊገጥም ይችላል፤ የባቲም ገበያ አይቀርም። የአየሩ ጠባይም ቢሆን ያን ጊዜ ገና ደህና ነው፤ ከሚያዝያ በኋላ ግን ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማንም ለዕረፍት አይወርድም።

መልስ 18 የመንገዱን ጸጥታ አነሣ፤ መነሣቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ወዲያው ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይካሰሱ ጀመር፤ አንዱ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው ሲል ሌላው ያንን የሚል ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያወራ ነው አለ። በዚህ ጉዳይ ከሳምንት በፊት የተጻፈ ነገር ዋጋ የለውም፤ መጠየቅ ያለበት በዋዜማው ከዚያ የመጣ ሾፌር ነው። ባለ መልስ 1 ሾፌር ተመልሰው በመምጣት፣ ራሳቸው ባቲና ሚሌ ላይ ቆመው ሰው ሳይጠይቁ እንደማያልፉ፣ ኬላ ላይ መታወቂያ የሁሉም ሰው እንደሚታይ ጽፈው ክርክሩን አበረዱት።

በመልስ 20 ክሩ በጣም የጎደለውን ሰው አገኘ። የሎጊያ ነዋሪ የሆኑ አፋር ነበሩ፤ አማርኛቸው የጠራ፣ አነጋገራቸውም የታረመ ነው። መጀመሪያ የገለጹት ቅሬታቸውን ነው፦ እስካሁን ድረስ ስለ ሙቀት፣ ስለ ርዕደ መሬትና ስለ እሳተ ገሞራ እንጂ እዚያ ስለሚኖር ሰው የጻፈ አልነበረም። የመንገድ ወሬ የሚፈልግ ሰው ከስልኩ ይልቅ ዳጉን ይመን አሉ፤ አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የመንገር ግዴታ ስላለበት፣ ሰላምታ ሰጥቶ ለሚጠይቅ እንግዳም እውነቱን ይነግረዋል። ሰውን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት እንደማይገባ፣ ውኃ ለሚጠይቅ እረኛም ውኃ መንፈግ እንደሚያሳፍር በጥብቅ አሳሰቡ።

ስለ ቦታው ደግሞ ከመልስ 3 ጋር በከፊል ተስማሙ። ሰመራ አዲስ ከተማ ናት፤ አልጋዋና ኤሲዋ ለማደር ያገለግላል፤ ለማየት ግን አሳኢታ መሄድ ነው። አሳኢታ ከሰመራ በፊት የክልሉ መቀመጫ የነበረች፣ የአውሳ ሱልጣኖች ከተማ ናት፤ ከዋናው የአሰብ መንገድ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትገባለች። አዋሽ ከከተማዋ ሥር ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ገማሬና አፋምቦ ሐይቆች ወርዶ በመጨረሻ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር ሳይደርስ። የኮምቦልቻ ሰው በየቀኑ የሚሻገረው ቦርከናም፣ በስተሰሜን ከወሎ ደጋ የሚወርደው የሚሌ ወንዝም ወደዚሁ ውኃ ነው የሚገቡት። ዘምባባና የጥጥ እርሻ በበረሃው መካከል ማየት፣ በምሽት ከገደሉ ላይ ሆኖ ወንዙን መመልከት፣ የፍየል ሥጋና የግመል ወተት መቅመስ ለሦስት ቀን በቂ ነው። የግመል ወተት ላልለመደ ሆድ ግን ጥቂት ብቻ ይበቃል ሲሉም አስጠነቀቁ። ወንዙ ውስጥ መዋኘት ግን አይታሰብም፤ አዞ አለ። በእኔ ግምት የክሩ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ አዋሽ ፍል ውኃ ለአዲስ አበባ ሰው የተመቸ ማረፊያ ነው፣ የደሴ ሰው ግን አሳኢታን የመሰለ ቦታ በ300 ኪሎ ሜትር ውስጥ እያለው ስም ተከትሎ መዞር አያስፈልገውም።

መልስ 21 ሉሲ የተገኘችው ሰመራ ስለሆነ እግረ መንገድ ትታይ አለ። መልስ 22 በአጭሩ አረመው፦ ሉሲ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ነው፤ አጥንቷ የሚገኘው አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ሐዳር ላይ ደግሞ ለልጆች ከደለልና ከሸለቆ በስተቀር የሚታይ ብዙ ነገር የለም። መልስ 23 ስለ ማደሪያ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፤ አልጋ ሲያዝ ኤሲ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይ፣ ኤሲውንስ ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ባለ መልስ 3 ተመልሰው ፍል ውኃ የሌለበት ዕረፍት ለጉልበት ሕመም ምን ይረዳል ሲሉ ጠየቁ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነበር፤ ነርሷ ደረቁና ሞቃቱ አየር ብቻውን አንዳንድ ሰው ሕመሙን እንደሚያቀልለት፣ ሆኖም መድኃኒት ብለው ሊጠሩት እንደማይደፍሩ መለሱላቸው።

በመልስ 26 መምህሩ የመጨረሻውን ዕቅድ አቀረቡ። ቅዳሜ ጥር 30 ጎሕ ሳይቀድ ከደሴ ተነሥተው ባቲ ቁርስ ይበላሉ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ሚሌን አልፈው እኩለ ቀን ሳይሆን ሎጊያ ይገባሉ፤ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ማንም ከቤት አይወጣም። እሑድ በማለዳ አሳኢታ ሄደው ሰዉ እንደሚያደርገው ቀትሩን በጥላ አሳልፈው ሲበርድ ይመለሳሉ። ሰኞ በጠዋት ተነሥተው ገበያው ሳይበተን ባቲ ይደርሳሉ። አዋሽ ፍል ውኃን አንድ ሳምንት ሙሉ ለሚገኝበት ጊዜ አቆዩት። የሎጊያው ሰው አሳኢታን የሚያውቅ መሪ እንደሚያገናኟቸው ቃል ገቡ፤ ወጣቱም ሳይቀር መልካም መንገድ ተመኘላቸው።

ነርሷ ግን ማደሪያው ማቀዝቀዣ እንዳለው መረጋገጡን ጠየቁ። መምህሩ ደውለው ክፍሉ ውስጥ ባይኖርም ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ እንዳለ ሰምተዋል። ነርሷ መድኃኒቱ በሥጋው አጠገብም ሆነ በረዶ በሚሠራው ክፍል እንዳይቀመጥ፣ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦም ስለማይሠራ እንደሚጣል፣ በሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ስም ተጽፎበት እንዲቀመጥ፣ ትርፍ ጠርሙስም በሌላ ሰው ቦርሳ እንዲያዝ ጻፉ። መምህሩ ትርፉን ባለቤታቸው እንደሚይዙ መለሱ።